ፎቶዋን ሰቅለሽ ደሞዟን ትቆርጫለሽ?

የዛሬው ደብዳቤ፦

“ሰላም እህቴ፣ ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ። እኔና ባለቤቴ ገርጂ አካባቢ መለስተኛ ሱፐርማርኬት አለን። ካሸር፣ ሼልፍ የሚደረድሩ፣ ስቶር፣ ዴሊቨሪ፣ ጥበቃ ሲደመር 17 ሰራተኛ ነው ያለን። ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ 11 ሰው ለቀቀብኝ። አንዷን አሰልጥኜ ማሽኑን ስትለምድ ትወጣለች፣ ደሞ አዲስ። ማታ ማታ ማኔጅመንት ተምሬያለሁ፣ ስለ ሞቲቬሽን ቲዎሪ በወሰድኩት ኮርስ ኤ ነው ያመጣሁት፣ እና የተማርኩትን ስራ ላይ ላውል ብዬ ‘የወሩ ምርጥ ሰራተኛ’ ጀመርኩ፣ ሱፐርቫይዘሩ ይመርጣል፣ ፎቶዋ በፍሬም ይሰቀላል፣ ሰርተፍኬትና 1,000 ብር አለው። ደሞዝ በዓመት ሁለቴ ጨምሬያለሁ። የልደት ኬክ እገዛለሁ። ሺፍት እንኳን እንዳይቸገሩ ብዬ ማታ ማታ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እለቅላቸዋለሁ። ግን ፊታቸው አይፈታም። ደንበኛ ሲገባ ቀና ብለው አያዩም፣ ዕቃም ይጠፋል። ጉድለት ሲመጣ ያው እንደማንኛውም ቦታ ከካሸሯ ደሞዝ ይቆረጣል እንጂ ሌላ ቅጣት እንኳን የለንም። ሱፐርቫይዘራችን የባለቤቴ የአክስት ልጅ ነው፣ ‘የዘንድሮ ልጅ ስራ አይወድም’ ይላል። ባለቤቴ ደሞ ‘ሰው አይጠግብም፣ አባሪና ሌላ ቅጠሪ’ ነው የሚለኝ። ቲዎሪው ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ ነኝ? ግራ የገባት፣ ከገርጂ።”

እህቴ፣ መጀመሪያ ደስ ያለኝን ልንገርሽ። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ሲመጣልኝ አብዛኛው “ሰራተኛ አስቸገረኝ ምን ላድርጋቸው” ነው የሚለው፣ አንቺ ግን መጨረሻ ላይ “ወይስ እኔ ነኝ” ብለሻል። እሷን ስላልሽ ነው ዛሬ አስረዝሜ የምመልስልሽ፣ ቡናሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

ስለ ፍሬሙም ስለ ኬኩም በደንብ ጽፈሽልኛል። እኔን ግን ያስቆመኝ መሃል ላይ በአንድ ትንፋሽ ያለፍሽው ነገር ነው፣ “ጉድለት ሲመጣ ያው እንደማንኛውም ቦታ ከካሸሯ ደሞዝ ይቆረጣል” ያልሽው። ያው! ልጆቹን የምታስወጣብሽ ይቺ “ያው” ትመስለኛለች።

እኔም ድሮ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ስምንት ወር ካሸር ነበርኩ፣ የት እንደሆነ ይቅር። ደሞዜ 450 ብር ነበር። አንድ የበዓል ዋዜማ ሰዉ ዘይትና ዱቄት ሲጋፋ ውሎ ማታ ሂሳብ ስዘጋ 90 ብር ጎደለኝ፣ ሶስቴ ቆጠርኩ ያው ነው፣ ቀን ምሳ ልበላ ስወጣ ሌላ ልጅ በኔ መሳቢያ ስትሰራ ነበር አልኩ፣ አለቃዬ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ “መሳቢያው በማን ስም ነው?” አለኝ። በቃ፣ 90 ብሩ ሄደ። በሚቀጥለው ወር ደሞ 35 ብር ትርፍ መጣብኝ፣ እሱን ማን እንደወሰደው ገምቺ። ትርፍ ሲሆን የቤቱ፣ ጉድለት ሲሆን የኔ። ከዛ ቀን በኋላ ደንበኛ ፈገግ ብሎ “እንደምን ዋልሽ” ሲለኝ እኔ የማየው እጁ ላይ ያለውን ብር ነበር፣ ፊቱን አይደለም፣ ምክንያቱም ከሱ ጋር ስጫወት ብሳሳት የምከፍለው እኔ ነኝ። እና “ደንበኛ ሲገባ ቀና ብለው አያዩም” ስትዪኝ ምን እንዳሰብኩ ይገባሻል።

አሁን ወደ ኮርስሽ እንምጣ። ሰው ስራውን የሚወደውና የሚጠላው ለምን እንደሆነ ያጠናውን ሄርዝበርግን ታስታውሺዋለሽ፣ እሱና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተሙት ጥናት ፒትስበርግ አካባቢ ያሉ 203 ኢንጂነሮችና አካውንታንቶችን ጠይቆ የተሰራ ነው። የጠየቁት ነገር ቀላል ነበር፣ ስራህ ላይ በጣም ደስ ያለህ ጊዜ መቼ ነበር ንገረኝ፣ በጣም የከፋህስ መቼ ነበር ንገረኝ። የሚገርመው የደስታውና የንዴቱ ታሪክ ስለተለያየ ነገር ሆኖ ተገኘ። ደስ ያላቸው ጊዜ የሚያወሩት አንድ ነገር ሰርተው ስለማሳካታቸው፣ እውቅና ስለማግኘታቸው፣ ስለ ስራው ራሱ፣ ኃላፊነት ስለመቀበላቸው ነው። ሲከፋቸው የሚያወሩት ደሞ ስለ ድርጅቱ ደንብና አሰራር፣ ስለ አለቃ፣ ስለ ስራ ሁኔታ፣ ስለ ደሞዝ። ይሄን ሁለተኛውን “ሃይጂን” አለው፣ የንጽህና ነገር እንደማለት። ንጹህ ውሃ መጠጣት በሽታ ያስቀርልሻል እንጂ ጉልበት አይጨምርልሽም አይደል፣ የቆሸሸ ውሃ እየጠጣሽ ደሞ ቫይታሚን ብትውጪ ምን ዋጋ አለው። አንቺ እንግዲህ ቫይታሚኑን ነው የጀመርሽው። ፍሬም፣ ሰርተፍኬት፣ ጭብጨባ፣ ሁሉም ከላይኛው ዝርዝር ነው፣ ታችኛው እንዳለ ቁጭ ብሏል።

ግን ቆይ፣ ኤ ስላመጣሽ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እነዛ 203 ሰዎች ኢንጂነርና አካውንታንት ናቸው፣ ወንበር ያላቸው ሰዎች ናቸው! ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ካሸር ከነሱ ውስጥ የለችም። ደሞም ሰው በተፈጥሮው ጥሩ ነገር ሲሆን “እኔ ነኝ ያደረግኩት” ይላል መጥፎ ሲሆን “አለቃዬ ነው” ይላል፣ በዚህም ሄርዝበርግ ብዙ ተተችቷል። ስለዚህ ሄርዝበርግን ስራ ላይ ማዋል ከፈለግሽ ያገኘውን መልስ ትተሽ የጠየቀውን ጥያቄ ውሰጂ። መልሱ የፒትስበርግ ነው፣ ጥያቄው ግን ገርጂም ይሰራል። ኮርሱ ላይ መልሱን ነው የሚያሸመድዱን፣ ጥያቄውን የሚያስታውስ የለም።

እንዴት ትጠይቂያለሽ? እባክሽ ፎርም እንዳትበትኚ፣ “በስራዎ ምን ያህል ረክተዋል ከ1 እስከ 5” ብትያቸው 17ቱም 4 ያከብባሉ፣ ሰብስበሽ ብትጠይቂም “ይመስገን ሁሉም ጥሩ ነው” ነው የሚሉሽ፣ እኛ አገር ደሞዝ ከፋይ ፊት ቅር ብሎኛል የሚል ማን አለ። አንድ በአንድ፣ ከሱቁ ውጪ፣ ሱፐርቫይዘሩ በሌለበት፣ ማኪያቶ ጋብዘሽ “እኛ ጋ ከገባሽ በጣም የተናደድሽበት ቀን የቱ ነው፣ ምን ሆኖ ነበር” በያት። ስለ ቀኑ ነው የምትጠይቂያት፣ ስለ ስሜቷ አይደለም፣ ሰው ታሪክ ማውራት አይፈራም። ከዛ ዝም በይ። እውነቱን በደንብ የምትሰሚው ደሞ ከለቀቁት 11ዱ ነው፣ የሚፈሩት ነገር የላቸውም፣ ሶስቱን እንኳን ደውለሽ አግኚያቸው። የኔን 90 ብር እኮ ማንም ቢጠይቀኝ ያኔውኑ እነግረው ነበር፣ የጠየቀኝ የለም።

ባለቤትሽ “ሰው አይጠግብም” ይላል አይደል? ሳያውቀው ስለ ሰው ፍላጎት የጻፈውን የስነ ልቦና ምሁር ማስሎውን እየጠቀሰ ነው፣ እሱም በ1943ቱ ጽሑፉ ሰው ሁልጊዜ የሚፈልግ እንስሳ ነው ብሏል። ግን ማስሎው ያንን ያለው ለማባረር አልነበረም፣ የተሟላ ፍላጎት መገፋፋቱን ስለሚያቆም ሌላው ይመጣል ለማለት ነው። በነገራችን ላይ ያ ኮርስሽ ላይ ያለው፣ የሰውን ፍላጎት በደረጃ የሚያሳየው ፒራሚድ፣ እሱን ማስሎው አልሳለውም፣ በኋላ የመጡ የማኔጅመንት ሰዎች ናቸው የሳሉት፣ ስዕሉ ነው ሁላችንንም ያሳሳተን፣ ታችኛው ፎቅ ካላለቀ ላይኛው አይጀመርም ብለን እንድናስብ አደረገን። ማስሎው ራሱ ብዙ ሰው ሁሉም ፍላጎቱ በከፊል ተሟልቶ በከፊል ጎድሎ ነው የሚኖረው ይላል። የቤት ኪራይ ያልከፈለች ካሸር ደንበኛ ፊት “ደንቆሮ” ስትባል አይሰማትም ማለት አይደለም። እንደውም ይብሳል።

ደሞዝ ሁለቴ ጨምሬያለሁ ላልሽው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙዎቹ አንዴም አይጨምሩም። ግን ጭማሪሽን ከምን ጋር እንደሚያስተያዩት አስበሻል? ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተብሎ ዋጋ የሄደበትን ፍጥነት አንቺም ታውቂዋለሽ። የዘይቱን አዲስ ዋጋ የምትለጥፈው እኮ እሷ ናት! ሌላው ሰው ኑሮ ተወደደ የሚለው ገበያ ሲወጣ ነው፣ ያንቺ ሼልፍ ደርዳሪ ግን የድሮውን ዋጋ ልጣ በገዛ እጇ ነው አዲሱን የምትለጥፈው፣ ጭማሪሽ ስንት ሊትር ዘይት እንደሚገዛ ከአንቺ ቀድማ አስልታዋለች። ስለዚህ የጨመርሽው ብር አላስደሰታቸውም ማለት አመስጋኝ አይደሉም ማለት አይደለም፣ የነበሩበት ቦታ ላይ ለመቆየት ብቻ ነው የበቃው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ፣ የአክስት ልጁ። አትቆጪኝ። አዳምስ የሚባል ሰው በ1963 የጻፈው አለ፣ ሰው ደሞዜ ስንት ነው ብሎ ብቻ አይጠይቅም፣ እኔ የማወጣውንና የማገኘውን አጠገቤ ያለው ከሚያወጣውና ከሚያገኘው ጋር ያመዛዝናል ነው የሚለው። ሚዛኑ ካልተስተካከለ ያስተካክለዋል፣ ወይ ስራውን ይቀንሳል፣ ወይ ጭማሪ ይጠይቃል፣ ወይ ይሄዳል። ሱፐርቫይዘሩ ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ካሽ ላይ ሰልፍ ሲበዛ ወርዶ እንደሚያግዝ ወይ ስልክ እንደሚያወራ፣ ስንት እንደምትከፍሉት ሳይቀር፣ 16ቱም ያውቃሉ፣ ሱቅ ውስጥ ምስጢር የለም። እና “የወሩ ምርጥ”ን የሚመርጠው እሱ ነው። ቭሩም የሚባል ተመራማሪ በ1964 እንዳለው ሰው የሚተጋው ሶስት ነገር ካመነ ነው፣ ብለፋ ይሳካልኛል፣ ቢሳካልኝ ሽልማቱ ይሰጠኛል፣ ሽልማቱም ለኔ ዋጋ አለው። ሶስቱ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም፣ ስለዚህ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሁሉም ዜሮ ነው። ያንቺ ዜሮ መሃሉ ላይ ያለው ይመስለኛል፣ “ብሰራም የሚመርጠው እሱ የፈለገውን ነው” ካሉ 1,000 ብሩን 3,000 ብታደርጊው ዜሮ ሲባዛ በ3,000 ያው ዜሮ ነው። ደሞ አስቢው፣ በወር መጀመሪያ 1,000 ብር ከነፎቶዋ ሸልመሻት በወር መጨረሻ 700 ብር ጉድለት ብለሽ ብትቆርጪባት፣ ፎቶዋ ግድግዳው ላይ ሆኖ እየሳቀባት ነው የምትሰራው።

የእውነት ከወደድሽው ሽልማቱን አታጥፊው ግን መስፈርቱን ሁሉም የሚያየው አድርጊው፣ ወይ ራሳቸው ይምረጡ፣ ወይ ደሞ ለአንድ ሰው መስጠቱን ትተሽ ለሺፍቱ በሙሉ አድርጊው። ልጁን ደሞ አባሪው አልልሽም፣ ቤተሰብ ነው፣ ነገ ሰርግም ለቅሶም ላይ ትገናኛላችሁ። ግን ካሽ ላይ ይቀመጥ፣ በሳምንት ሁለት ሺፍት፣ ጉድለት ሲመጣበትም እንደነሱ ይጠየቅ። ካልፈለገ መልስ አገኘሽ ማለት ነው።

ዕቃ ይጠፋል ስላልሽው ጠንቀቅ ብዬ ነው የምናገረው፣ ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ ዕቃ የሚጠፋው ሰራተኛ ስለሚሰርቅ ብቻ አይደለም፣ አከፋፋዩ ሲያራግፍ ጎድሎ ይገባል፣ ደንበኛ ይወስዳል፣ ኤክስፓየር ያደረገው ሳይመዘገብ ይጣላል፣ ርክክቡ ላይ ቆጠራ ካላጠበቅሽ ልጆቹን በከንቱ ትጠረጥሪያለሽ። ግን አንድ ነገር አለ። ግሪንበርግ የሚባል ተመራማሪ በ1990 ያሳተመው ነው፣ አሜሪካ ውስጥ አንድ ድርጅት ለ10 ሳምንት ደሞዝ በ15 ፐርሰንት ቀነሰ፣ በሁለት ፋብሪካዎች። በአንዱ ሰራተኛውን ሰብስበው ለምን እንደሆነ በዝርዝር አስረዱ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ ጥያቄ መለሱ። በሌላው አጭር መግለጫ ሰጥተው ሄዱ። ስርቆት በሁለቱም ጨመረ፣ ግን በዝምታ በተቆረጠበት በጣም ባሰ። የተቆረጠው እኩል ነው፣ አክብሮቱ ነው የተለያየው። እዛ እኮ የተቆረጠው ለ10 ሳምንት ነው፣ አንቺ ጋ ጉድለት በመጣ ቁጥር ነው የሚቆረጠው፣ ማብራሪያውም “መሳቢያው በማን ስም ነው” ከሆነ…

ስለዚህ ጉድለቱን እንጨርሰው፣ ዋናው እሱ ነው። አንደኛ ነገር ሕጉም እንደፈለግሽ ቁረጪ አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ደሞዝ የሚቆረጠው ሕግ ወይ የህብረት ስምምነት ወይ ፍርድ ቤት ሲፈቅድ ወይ ሰራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማና እንዲህ ባሉ በታወቁ ምክንያቶች ነው፣ ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ አንድ ሶስተኛ ማለፍ አይችልም። “እንደማንኛውም ቦታ” የሚለው እዛ ላይ አያድንሽም። ሁለተኛ፣ ከሕጉም በላይ አሰራሩን አስተካክዪ። አንድ መሳቢያ ለአንድ ሰው፣ ምሳ ስትወጣ ተቆልፎ፣ የምትተካት ልጅ የራሷን ይዛ ትቀመጥ። ፓስወርድ አይጋሩ። ሂሳብ ሲዘጋ ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠር፣ እሷ እያየች። የተሳሳተ ሂሳብ የሚሰርዘው ሱፐርቫይዘሩ ከሆነ ምክንያቱን ጽፎ ይፈርም። ዝርዝር ብር ጠዋት ሳይሰጣት ካሽ አትክፈት፣ ይሄ ዝርዝር የለም የሚባለው ነገር ስንት ጸብ እንደሚያመጣ ታውቂያለሽ፣ ለመልስ ማስቲካ የምትሰጠው ልጅ ናት ስድቡን የምትቀበለው፣ ባንክ ሄዶ ዝርዝር ያላመጣው ግን ቤቱ ነው። በስልክ የሚከፈለውም እንደዛው ነው፣ ደንበኛው ስልክ ላይ የሚታየውን መልዕክት አይታ እንድታሳልፍ አታድርጊያት፣ ገንዘቡ መግባቱ በሱቁ ስልክ ላይ ይታይ፣ ስልኩም ካሽ አጠገብ ይሁን፣ ባለቤትሽ ኪስ ውስጥ ካለ እሷ ምን ታድርግ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በወር ይሄን ያህል ድረስ ጉድለት የቤቱ ነው ብለሽ ወስኚ፣ መጠኑን ከሂሳብሽ አይተሽ፣ ከዛ በላይ ሲሆን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ትርፍ የሚመጣውን ደሞ በግልጽ መዝግበሽ ጉድለቱን ሙይበት። እመኚኝ፣ ከአንድ ዓመት ኬክ በላይ ይሄ ብቻ ፊታቸውን ይፈታዋል።

ሺፍት። ማታ ማታ ቴሌግራም ላይ እለቅላቸዋለሁ ያልሽው አንቺ እንደ ውለታ ነው ያየሽው፣ ለነሱ ግን ነገ ስንት ሰዓት እንደሚገቡ ሳያውቁ መተኛት ነው። ልጇን ለማን ትስጥ? የማታ ተማሪዋ ፈተናዋን እንዴት ታድርግ? ዕቁብ የምትጥልበት ቀንስ? ሳን ፍራንሲስኮና ቺካጎ ውስጥ በጋፕ የልብስ መደብሮች እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የተደረገ ሙከራ አለ፣ 28 መደብር ነበር፣ በከፊሎቹ የሰራተኛውን ፕሮግራም የተረጋጋና አስቀድሞ የሚታወቅ እንዲሆን አደረጉ፣ ሰራተኞች እርስ በርስ ሺፍት እንዲቀያየሩ ፈቀዱ። ሙከራው በተደረገባቸው ሽያጭ ወደ 7 ፐርሰንት ገደማ ጨመረ። ደሞዝ አልጨመሩም እኮ! አንቺም የሁለት ሳምንቱን ፕሮግራም በአንዴ አውጪ፣ ወረቀት ላይ፣ ስቶር በር ላይ ለጥፊው፣ መቀያየር ከፈለጉ ይቀያየሩ፣ ለአንቺ ማሳወቅ ብቻ ነው ያለባቸው። በሳምንት የ24 ሰዓት እረፍት ሕጉም ያዛል። በበዓል ኦቨርታይም ስታሰሪያቸው የሰዓቱ ክፍያ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው፣ በሳምንት እረፍታቸው ቀን ሁለት እጥፍ፣ በአዘቦት ቀን ከማታ አራት ሰዓት በፊት ያለው ኦቨርታይም አንድ ተኩል ነው። እየከፈልሽ ከሆነ ይቅርታ፣ ካልከፈልሽ ደሞ አሁን ገባሽ።

የማታ ሺፍት ስንት ሰዓት እንደምትዘጉ አልነገርሽኝም፣ ግን ሶስት ሰዓት ከሆነ ከሱቁ እስከ ታክሲ ያለውን መንገድ አንድ ቀን አብረሻቸው ሂጂ። የዴሊቨሪው መኪና እስከ ዋናው መንገድ ቢያደርሳቸው ስንት ብር ነዳጅ ነው?

እስካሁን ያልኩሽ ሁሉ ንጹህ ውሃው ነው፣ ንዴቱን ያነሳል። ስራቸውን እንዲወዱት ደሞ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፣ እዚህ ጋ ሃክማንና ኦልድሃም የሚባሉ ተመራማሪዎች ይመጣሉ፣ እነሱ በ1970ዎቹ ያሉት ስራው ራሱ እንዴት ተሰርቷል ነው። የተለያየ ችሎታ ይጠይቃል ወይ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የኔ የምለው አለው ወይ፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል ወይ፣ የራሴን ውሳኔ እወስናለሁ ወይ፣ ጥሩ መስራቴን አውቃለሁ ወይ። ያንቺ ሼልፍ ደርዳሪ “ያንን ካርቶን አምጣ፣ እዛ ደርድር” ተብሎ ነው የሚውለው። ለምን የሳሙናና የዲተርጀንቱን ክፍል በሙሉ አትሰጪውም? ያንተ ነው በዪው፣ ምን እንዳለቀ አንተ ነህ የምትነግረኝ፣ ምን ያህል እንደሚታዘዝ አንተ ጻፍ፣ ኤክስፓየር የሚደርሰውን ቀድመህ ወደ ፊት አውጣ፣ በሳምንት አንዴ ሽያጩን ላሳይህ። ጾም ሲገባ የትኛው ዕቃ እንደሚፈለግ፣ ሰፈሩ ውስጥ ማን ምን እንደሚጠይቅና ሲያጣ ተመልሶ እንደሚወጣ፣ ከአንቺ በላይ እሱ ነው የሚያውቀው፣ ጠይቆት የሚያውቅ ስለሌለ ነው ዝም ያለው። ካሸሮቹንም በየተራ ክፍል ስጫቸው፣ ሰልፍ በሌለ ሰዓት ስልክ ላይ የሚሆኑት ሌላ የሚያደርጉት ስለሌለ ነው እኮ። ይሄ ግን ጉድለቱ ሳይስተካከል እንዳይጀመር፣ “ኃላፊነት ሰጠሁህ” ብለሽ የጠፋውን ሳሙና ከደሞዙ ልትቆርጪ ከሆነ ማንም አይቀበልሽም።

በሽያጭ ኮሚሽን ልጀምር ብለሽ ካሰብሽም አትቸኩዪ። ዴሲ የሚባል ተመራማሪ በ1971 ተማሪዎችን ደስ የሚል እንቆቅልሽ እያሰራ ለከፊሎቹ በፈቱት ልክ ዶላር ከፈለ፣ ክፍያው ሲቆም የተከፈላቸው ልጆች በትርፍ ሰዓታቸው እንቆቅልሹን መንካት ቀነሱ። ብር መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ግን ደንበኛን በደግነት የምትረዳ ልጅ ካለችሽ ያንን ደግነት በፍሬ ቁጥር አትግዢው።

ለባለቤትሽ ምን ትያለሽ? ቲዎሪ አትንገሪው፣ ሂሳብ አሳዪው። ደብተር አውጥተሽ የ11ዱን ስም ጻፊ፣ አጠገቡ እያንዳንዱን ለመተካት የወሰደውን ቀን፣ አዲሷ ማሽኑን እስክትለምድ የተሰረዘውን ሂሳብ፣ ሰልፉን አይቶ ዕቃውን ጥሎ የወጣውን ደንበኛ፣ ያንቺንም ሌሊት። ስፔን ውስጥ ሜርካዶና የሚባል ሱፐርማርኬት አለ፣ ርካሽ ነው የሚሸጠው፣ ግን አዲስ ሰራተኛ 4 ሳምንት ያሰለጥናል፣ ሁሉንም የሱቅ ስራ ያስለምዳል፣ የኤምአይቲዋ ዘይነፕ ቶን ስለነሱ ብዙ ጽፋለች። ይሄን የሚያደርጉት ስለሚያዋጣቸው ነው፣ ለጽድቅ አይደለም። “አባሪና ሌላ ቅጠሪ” የሚለው ርካሽ የሚመስለው ወጪው በአንድ ደረሰኝ ስለማይመጣ ነው። ደሞም አሁን የችርቻሮ ንግዱ ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል፣ ዛሬ የሰለጠኑ ልጆችሽን የሚወስድብሽ ጎረቤት ነው፣ ነገ ማን እንደሆነ እንጃ።

ሁሉንም በአንዴ አትጀምሪ። በዚህ ሳምንት ለካሸሮቹ ወንበር ግዢ፣ ከፍ ያለ፣ ጀርባ ያለው፣ ማንንም ሳትሰበስቢ ዝም ብለሽ አስቀምጪው። በሚቀጥለው ሳምንት ሺፍቱን። ከዛ ጉድለቱን፣ እሱን ግን ሰብስበሽ ንገሪያቸው፣ እስካሁን የቆረጥንባችሁ ትክክል አልነበረም የሚለውን ቃል ጨምረሽ፣ አፍሽ ላይ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። የሚቀጥለው በዓል ዋዜማ አንቺ ራስሽ ካሽ ላይ ቁሚ፣ ከጠዋት እስክትዘጉ፣ ያለ ወንበር፣ ዝርዝር ሳይሰጥሽ፣ እንደነሱ። ማታ ሂሳብ ዝጊና ስንት እንደጎደለሽ ጻፊልኝ።